ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ ካሜራ

ጥያቄ፦ «ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ነኝ። አያቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቡና ተፈልቶ ሲመርቁ፣ መንዙማ ሲያዜሙ ሳልቀርጻቸው እንዳያመልጡኝ እሰጋለሁ። የትምህርት ቤታችንን የወላጆች ቀንና በጥር የታናሽ እህቴን ሰርግ ማንሳትም እፈልጋለሁ። ጂዳ ያለው ወንድሜ የመረጥኩትን ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። ደሴ ወጥቼ ሦስት ዓይነት አየሁ፦ ባለ 24 ሜጋፒክስል፣ ሌንሱ የሚነቀል የፎቶ ካሜራ ካኖን 2000ዲ፣ ባለ 50 ዙም የፓናሶኒክ ቪዲዮ ካሜራ እና ኪስ የምትገባ ባለ 20 ሜጋፒክስል ትንሽ ካሜራ። አንዱ ሻጭ በሜጋፒክስሉ ይምላል፣ ሌላው በዙሙ። ገንዘቡ የወንድሜ ላብ ነውና የትኛውን ልምረጥ?»

መልስ፦ መምህርት፣ ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «መንዙማ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ስለ ካሜራ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ምስል ያወራል፤ እርስዎ ግን ከሁሉ በላይ ማቆየት የፈለጉት ድምፅ ነው። ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፦ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ይያዙ። ካዩዋቸው ከሦስቱ አንዱም ይህ መሰኪያ የለውም። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

በመጀመሪያ ከራሴ የደረሰውን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አባታቸው ሲመርቁ እንድቀርጽላቸው ጠራኝ። ሌንሱ የሚነቀል ጥሩ ካሜራ ነበረኝ፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቆምኩት፣ ትኩረቱን አስተካከልኩ፣ መቅጃውን ተጫንኩና እኔም ከሰዉ ጋር ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በአገር ጀመሩ፤ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለእርሻው መረቁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ወደ ልጆቻቸው ተሻገሩና እያንዳንዳቸውን በስም እየጠሩ መመረቅ ያዙ። ከዓይናቸው ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በረካው ሲቀርብ ወደ ካሜራው ዞር ብል ስክሪኑ ላይ ቀዩ ነጥብ የለም። መቅረጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቆሟል። የመጨረሻዋ ልጃቸው ስም የተጠራበት ምርቃት ሳይቀረጽ ቀረ። ተመርቆ ያለቀን ነገር «እንደገና ይመርቁልን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ያን ቀን የተሰማኝ እስካሁን አልወጣልኝም፤ ለእርስዎ እንዲህ በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ካሜራው አልተበላሸም ነበር። ፎቶ ለማንሳት የተሠሩ አብዛኞቹ ካሜራዎች ለብዙ ዓመታት ከግማሽ ሰዓት በታች ብቻ እንዲቀርጹ ተደርገው ተሠርተዋል። አንዱ ምክንያት የአውሮፓ የጉምሩክ ሕግ ነበር፤ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ መሣሪያ በቪዲዮ መቅጃነት ይመደብና ቀረጥ ይጨመርበት ስለነበር፣ አምራቾቹ ገደቡን አንዲት ሰከንድ ዝቅ አድርገው አበጁት። ሌላው ሙቀት ነው፤ ትልቅ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ረዥም ጊዜ ሲሠራ ይግላል። እንደ ካኖን 600ዲ ያሉት ቀደምቶቹ ደግሞ ከዚህም ያነሱ ናቸው፤ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ስለሚያቆሙ በከፍተኛ ጥራት ከ12 ደቂቃ ያህል በላይ አይሄዱም። የእጅ ቪዲዮ ካሜራ ግን ከመጀመሪያው የተሠራው ለረዥም ቀረጻ ነው፤ ካርዱ እስኪሞላ ወይም ባትሪው እስኪያልቅ ይቀርጻል፣ ፋይሉን ሲሞላበት ራሱ እየቆረጠ ይቀጥላል። ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጊዜ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሜጋፒክስሉ፤ ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች በሚሊዮን ሲቆጠሩ ማለት ነው። በየሱቁ የሚጠራው ትልቅ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ፎቶ ቤት የሚታተመው የተለመደው 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት እንዲወጣ ሁለት ሜጋፒክስል ያህል ይበቃዋል። ለኤ4 ወረቀት ዘጠኝ ገደማ በቂ ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ቪዲዮም እያንዳንዱ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ሁለት ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ የ20 እና የ24 ልዩነት ለቤተሰብ ፎቶ ምንም አይጨምርም። ለውጥ የሚያመጣው ሴንሰሩ ነው፤ ብርሃን የሚቀበለው ያ ጠፍጣፋ ክፍል። የ2000ዲ ሴንሰር 22 በ15 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የፖስታ ቴምብር ያህላል ማለት ነው። ኪስ የምትገባው ካሜራ ሴንሰር 6 በ4.5 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የርካሽ ቪዲዮ ካሜራዎቹ ከአንዲት የምስር ፍሬ አይበልጥም። ቴምብርና ምስር እኩል ብርሃን አይሰበስቡም። አምፖሉ ደብዘዝ ባለ ቤት ውስጥ የምስሯ ምስል አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ የቴምብሩ ግን ጥርት ይላል። በዚህ ረገድ የ2000ዲው ሻጭ ያለው እውነት አለ፤ ምክንያቱ ግን ሜጋፒክስሉ አይደለም።

ታዲያ 2000ዲ ለምን አይሆንም? ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ይግዙ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፤ ቀን ላይ የተማሪዎችዎን ፊት የሚያነሳው ፎቶ ደስ ያሰኛል። ቪዲዮ ላይ ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። ማይክሮፎን መሰኪያ የለውም። ሰው ሲንቀሳቀስ ትኩረቱን እየተከታተለ አያስተካክልም፤ ልጅ መድረክ ላይ ወደ ፊት ሲራመድ እርስዎ ሌንሱን በእጅዎ እያዞሩ መከተል አለብዎት። የግማሽ ሰዓቱ ገደብም አለበት። ወንድምዎ ሌንሱ የሚነቀለውን ዓይነት ካልላክሁ ካለ 200ዲ ወይም 250ዲ ይሁን፤ ሁለቱም ማይክሮፎን ይቀበላሉ፣ ትኩረታቸውም ፊትን ተከትሎ በለሆሳስ ይሄዳል። የሰዓቱ ገደብ ግን እነሱም ላይ አለ። ዋጋቸውም ከፍ ይላል።

ኪስ የምትገባዋን በአጭሩ ልለፋት፦ ይተዉአት። እንደ ሶኒ ደብልዩ800 እና ካኖን አይክሰስ 185 ያሉት ርካሾቹ ቪዲዮ የሚቀርጹት በ720 ብቻ ነው (ቁመቱ 720 ነጥብ፣ ከሙሉ ኤችዲ ያነሰ)፤ በእጅዎ ያለው መካከለኛ ስልክ ይበልጣቸዋል። አነስተኛ ካሜራ ከስልክ የሚሻለው ባለ «አንድ ኢንች» የሚባለው ሴንሰር ሲሆን ነው፤ የእነዚያ ዋጋ ደግሞ ከአቅም በላይ ነው።

ወደ ቪዲዮ ካሜራዎቹ እንምጣ። ያዩት ፓናሶኒክ ኤችሲ-ቪ180 ይመስለኛል፤ 50 እጥፍ የሚያቀርብ እውነተኛ የሌንስ ዙም አለው። ጥሩ ጎኑ ዙሙ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ጫፍ ሰፋ አድርጎ ማየቱም ጥሩ ነው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰዉን ሁሉ ያስገባል። ተፎካካሪው ሶኒ ሲኤክስ405 ዙሙ 30 እጥፍ ነው፤ እሱም ሰፊ ያያል፣ በዩኤስቢ ገመድ ስለሚሞላ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ይሞላል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ግን ማይክሮፎን አይቀበሉም።

እኔ የምመርጥልዎት ካኖን ሌግሪያ ኤችኤፍ አር806ን ነው። ዙሙ 32 እጥፍ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሜዳ ጫፍ ሆነው መድረክ ላይ የቆመውን ልጅ ፊት ለመሙላት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ዙም ያለ ትራይፖድ ከእጅ መንቀጥቀጥ በቀር ምንም አያሳይም። ከሁለቱ የሚበልጥበት ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ የማይክሮፎን መሰኪያዋ። ጉድለቱንም አልደብቅም፦ ሰፋ አድርጎ የማየት አቅሙ ከሁለቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው መቆም ሊኖርብዎት ነው። ሴንሰሩም ከምስሮቹ ወገን ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ግን ሁለቱንም ጉድለት እቀበላለሁ፤ አያትዎ ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ ብርሃኑን እኛ ማስተካከል እንችላለን፣ ያልተሰማ ድምፅን ግን በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን ከአያትዎ ሦስት ሜትር ይርቃል። ስለዚህ የሚሰማው እሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ስኒው ሲንቃጨል፣ ከሰሉ ሲንጣጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ልጁ በር ሲከፍት ሁሉን እኩል ያስገባል። ይባስ ብሎ ካሜራው ጸጥታ ሲሆን የድምፅ መቀበያውን ራሱ ከፍ ያደርጋል፤ አያትዎ በሁለት ምርቃት መካከል ትንፋሽ ሲወስዱ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሞላል፣ ሰዉ «አሚን!» ሲል ደግሞ ደንግጦ ይወርዳል። የልብስ ማይክሮፎን ገዝተው ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው ልብሳቸው ላይ ቢያያይዙት ይህ ሁሉ ይለወጣል። ጨርቁ እንዳይታሸበት ከውስጥ ሳይሆን ከላይ ይሁን። ከመጀመርዎ በፊት የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው አንድ ደቂቃ ያዳምጡ፤ ሌግሪያው ይህንንም ይቀበላል። መንዙማ ሲሆን ዜማው ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ሰዉም አብሮ ስለሚቀበል፣ የድምፅ መጠኑን ከአውቶማቲክ አውጥተው በእጅ ያስተካክሉት፤ ከፍ ባለው ቦታ ላይ መስመሩ ቀይ እንዳይነካ አድርገው ይተዉት።

ካሜራው እስኪደርስ ጊዜ አለፈ ብለው አይጨነቁ። ዛሬውኑ ስልክዎን ጥሪ እንዳይገባ «አውሮፕላን ሞድ» ላይ አድርገው፣ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው፣ ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጡት። በሌላ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጹ ከሆነ መጀመሪያ ላይ አንዴ ያጨብጭቡ፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የጭብጨባው ድምፅ ካለበት ቦታ ጋር ምስሉን ማገጣጠም ቀላል ነው። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ሰው ጋር «ካሜራው ሲመጣ» ብሎ መቅጠር አልወድም።

ብርሃኑ እንዲህ ይሁን። አያትዎን በሩ ወይም መስኮቱ ፊት ለፊታቸው ወይም በጎናቸው እንዲሆን አድርገው ያስቀምጧቸው፤ እርስዎ ጀርባዎን ለመስኮቱ ይስጡ። መስኮቱ ከኋላቸው ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል። ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ሻሽ ከለበሱም ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፊታቸውን ያጨልመዋል፤ ይህ በእኛ አገር ቪዲዮ ሁሉ ላይ የማየው ስህተት ነው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣትዎ ነክተው ብርሃኑን በፊታቸው ልክ ያድርጉት፤ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ አይጎዳም። ደሴ ጠዋት ጉም ሲለብስም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ካሜራው ነጩን ጉም ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራልና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ከደሴ ብርድ ተነስተው ወደ ባቲ ወይም ወደ ሌላ ሞቃት ቦታ ሲወርዱ ደግሞ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ወዲያው ካወጡት ሌንሱ ጤዛ ይይዛል።

አንድ ነገር በተለይ ለወንድምዎ ይንገሩት። የካኖን ቪዲዮ ካሜራ ለአሜሪካ ገበያ «ቪክሲያ»፣ ለአውሮፓና ለአብዛኛው ሌላ ዓለም «ሌግሪያ» ተብሎ ይሸጣል። የአሜሪካው በሰከንድ 60 ወይም 30 ምስል ይቀርጻል፤ የእኛ መብራት ደግሞ በ50 ኸርዝ ይሠራል። ሁለቱ ስለማይገጥሙ ፍሎረሰንት አምፖል ባለበት የመማሪያ ክፍል ቪዲዮው ሲርገበገብ ያያሉ። የአሜሪካውን የያዘ ሰው የመዝጊያውን ፍጥነት 1/100 ላይ ቢያደርገው ይስተካከላል፤ ገና የሚገዛ ሰው ግን ለምን ይቸገራል? ከጃፓን የወጣ ያገለገለ ሶኒ ከተገኘም ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከመክፈል በፊት ይከፈት።

ያገለገለ የምለውም በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ከፋብሪካ ወጥቶ ነበር፤ ስልክ ቦታውን ከያዘ በኋላ ያ ቁጥር ከአሥር ሚሊዮን በታች ወረደ። ርካሽ ቪዲዮ ካሜራ የሚሠራ እየቀነሰ ስለመጣ አዲስ አር806 ላይገኝ ይችላል፤ ንጹሕ ያገለገለ ከተገኘ አይፍሩ፣ ግን ይመርመር። የስልክ ባትሪ መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፎ ማየት ያስፈልጋል፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ክር ከታየ ሻጋታ ነውና አይገዛም። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ማስኬድ፣ ስክሪኑን ከፍቶ እያዘነበሉ ምስሉ ይቆራረጥ እንደሆነ ማየት፣ ማይክሮፎን ሰክቶ መሰኪያው ሲነካካ ድምፁ ይጠፋ እንደሆነ ማዳመጥ፣ ባትሪው አብጦ እንደሆነ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማወዛወዝ። በካሴት የሚሠራ ከሆነ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ፤ የሚያጫውተውና ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ ማግኘት ከካሜራው ይከብዳል።

ካርዱን ከታወቀ ሱቅ ይግዙ። ክላስ 10 የሚል ጽሑፍ ካለው በሰከንድ 10 ሜጋባይት መጻፍ አለበት፤ ሌግሪያው በከፍተኛው ጥራት 35 ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ አራት ሜጋባይት ተኩል እንኳ ስለማይሞላ ውድ ካርድ አያስፈልገውም። በዚያ ጥራት 32 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል። ችግሩ ሐሰተኛ ካርድ ነው፦ ላዩ ላይ 64 የተጻፈበት ውስጡ 8 ብቻ ይሆንና ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ይጠፋል። አዲስ ካርድ ሲገዙ ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ጭነው መልሰው ይክፈቱ፤ ሁሉም ከተከፈተ ይመኑት። የቀረጻውን ዓይነት ኤምፒ4 ያድርጉ፤ ስልክም ኮምፒውተርም ያለ ችግር ይከፍተዋል። ለወንድምዎ በነጻው ቴሌግራም ሲልኩ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ ስለማይችል፣ በዚህ ጥራት ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚሄደው፤ ኮምፒውተር ላይ አሳንሰው ይላኩለት። ዋናውን ግን ሳያሳንሱ ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፣ አንዱ ከእርስዎ ቤት ውጭ ይሁን።

ስለ ሰርጉ የማስበውን በግልጽ ልናገር። እህትዎን ሲድሩ ከካሜራ ጀርባ አይቁሙ። የሰርግ ቀረጻ ሁለት ሰው፣ መብራትና የልምድ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ያን ለባለሙያ ይተዉት። የእርስዎ ካሜራ ከሰርጉ በፊት ባሉት ቀናት ቤት ውስጥ ይሥራ፤ ድፎው ሲጋገር፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ሲጫወቱ፣ አያትዎ ሙሽራዋን ለብቻዋ ጠርተው ሲመክሯት። ባለሙያው ወደዚያ አይገባም።

ለወንድምዎ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «ካኖን ሌግሪያ ኤችኤፍ አር806፣ ቪክሲያ የሚል ከሆነ ተወው። ማይክሮፎን መሰኪያው መሥራቱን ሰክተህ አረጋግጥ። ሁለተኛ ባትሪ ጨምርበት። ባለገመድ የልብስ ማይክሮፎን፣ ገመዱ ሦስት ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጫፉ ለካሜራ እንጂ ለስልክ ያልተሠራ። ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ። ገንዘብ ከተረፈህ ወገቡ ጠንካራ የሆነ ትራይፖድ።» ዕቃው ሲደርስዎት መጀመሪያ የሚቀርጹት አያትዎን አይሁን፤ የራስዎን ቡና አንድ ጊዜ ከአቦል እስከ በረካ ሳያቋርጡ ይቅረጹና ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ወረቀት ላይ ጽፈው ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ያኑሩት።